ለቤት ኮምፒውተር ነፃ የስፓይዌር ማጽጃ፦ የትኛው ይመረጥ፣ በምን ቅደም ተከተል ይሠራ

ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ሲጎተት፣ ብሮውዘሩ የማታውቁትን የፍለጋ ገጽ እየከፈተ ሲያስቸግር፣ ወይም ከቴሌግራማችሁ እናንተ ያልጻፋችሁት መልእክት ለዘመድ ወዳጅ ሲደርስ፣ አብዛኛው ሰው ስፓይዌር (ሳይታወቅ ገብቶ የሚሰልል ፕሮግራም) ገባብኝ ብሎ ቶሎ «ነፃ የስፓይዌር ማጽጃ» የሚል ቃል ይፈልጋል። ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ቃል የሚፈልገው የደነገጠ ሰው መሆኑን አጭበርባሪዎች ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከፍለጋው ውጤት አናት ላይ ማስታወቂያ ገዝተው የታወቀ ድርጅት የሚመስል ገጽ ያስቀምጣሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዊንፊክሰር የሚባለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩን የፈተሸ መስሎ የሌለ ችግር እየዘረዘረ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀርባው ያሉትን ከሰሰ፣ በ2012 ደግሞ ፍርድ ቤት ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ። ስሙ ይቀያየራል እንጂ ዘዴው ዛሬም ያው ነው።

እኔ ነፃ ማጽጃ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ከየት እንደሚወርድ ነው። ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ ካልሆነ አልነካውም። «ሁሉም ሶፍትዌር እዚህ ይገኛል» የሚሉ የማውረጃ ገጾች ዋናውን ፋይል በራሳቸው መጫኛ ጠቅልለው በመሀል ሁለት ሦስት የማይፈለግ ፕሮግራም ያስገባሉ። ቴሌግራም ቻናል ላይ «ሙሉ ቨርዥን ከነክራኩ» ተብሎ የሚለጠፈው ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ክራክ ያደረገው ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ ቀይሮታል፤ ምን እንደጨመረበት ማወቂያ መንገድ የላችሁም።

ቀጥሎ «ነፃ» የተባለው ምኑ እንደሆነ አጣራለሁ። ብዙዎቹ ፍተሻውን በነፃ ያደርጉና ማስወገዱ ላይ ሲደርሱ ካርድ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብዙ ነገር አገኘሁ ማለቱ ይጠቅመዋል፤ ስለዚህ ተራ የብሮውዘር ኩኪን ሁሉ «አደጋ» ብሎ ቆጥሮ አራት መቶ፣ አምስት መቶ የሚል ቁጥር በቀይ ያሳያል። ኩኪ ድረ ገጽ እናንተን ለማስታወስ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል ነው፤ ቫይረስ አይደለም። የገለልተኛ መመዘኛ ድርጅቶችንም አያለሁ፤ ጀርመን ማግደቡርግ ያለው ኤቪ-ቴስት እና ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ የአንቲቫይረስ ፕሮግራሞችን በየጊዜው እየፈተኑ ውጤቱን ለማንም በነፃ ያወጣሉ።

ፋይሉ ወርዶ ሳይከፈት በፊት አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ማጣሪያ አለች። ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ፤ ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚል ክፍል ካለ ክፈቱና የፈራሚውን ስም አንብቡ። ለምሳሌ ማልዌርባይትስ የሚባለው የማጽጃ ሠሪ ነው የተባለ ፋይል ላይ የማልዌርባይትስ ስም ከሌለ፣ ወይም ክፍሉ ራሱ ከጠፋ፣ ፋይሉን አጥፉት። ካላመናችሁ ቫይረስቶታል የሚባለው የጉግል ገጽ ላይ ስቀሉት፤ ከ60 በላይ በሆኑ አንቲቫይረሶች ባንድ ጊዜ ያስፈትሽላችኋል። የግል ሰነድ ግን እዚያ አትስቀሉ፤ የተሰቀለ ፋይል ሌሎች እጅ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ሰው ዋናውን ጠባቂ አስቀድሞ አግኝቷል፤ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ነው። መነሻውም ጸረ-ስፓይዌር ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ ጃያንት ከሚባል ኩባንያ የገዛው መሣሪያ በ2006 ዲፌንደር ሆኖ ወጣ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ አንቲቫይረስ ሆነ። ለተራ የቤት ኮምፒውተር ሁልጊዜ የሚሠራ ሁለተኛ ጠባቂ መጨመር አያስፈልግም። ሁለት ጠባቂ ባንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱን ፋይል ሁለቱም ሊይዙት ይሻማሉ፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዲፌንደር አዳዲስ የቫይረስ መለያዎችን መቀበሉን ቢቀጥልም የዊንዶውሱ የራሱ ቀዳዳዎች እንደ ቀድሞው አይደፈኑም። ማሽኑ 11ን የሚችል ከሆነ አሻሽሉት።

አዲስም ሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። የሙከራ ጊዜው ያለፈበት የሌላ ድርጅት አንቲቫይረስ ተጭኖበት ይገኛል። ዊንዶውስ ሌላ ጠባቂ አለ ብሎ ዲፌንደርን ሊያቆመው ይችላል፣ ያኛው ደግሞ ስላልታደሰ አዲስ ነገር አያውቅም፤ ኮምፒውተሩ በቂ ጠባቂ ሳይኖረው ሊቆይ ይችላል። ያንን ፕሮግራም አንስታችሁ ሪስታርት ስታደርጉ ዲፌንደር በራሱ ይበራል። የቀድሞው አንቲቫይረስ አልወጣ ካለ ሠሪው የራሱን ማስወገጃ ፋይል በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ በእሱ ጥረጉት።

ከማንኛውም ፍተሻ በፊት ግን አንድ ቦታ ማየት አለባችሁ። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ግቡ፣ ማኔጅ ሴቲንግስ የሚለውን ተጫኑ፣ ከዚያ እስከ ታች ወርዳችሁ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ክፈቱ። ይህ ዝርዝር ዲፌንደር «አትንኩ የተባልኩት» ብሎ የሚያልፋቸው ፋይሎችና ፎልደሮች ናቸው። ምንም ካላስገባችሁበት ባዶ መሆን አለበት። የዊንዶውስ አክቲቬተር (ዊንዶውስን ሳይከፈልበት የተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም) ወይም ክራክ ያለው ማውረጃ የተጠቀመ ሰው ኮምፒውተር ላይ ግን የዳውንሎድስ ፎልደር፣ የፕሮግራም ዳታ ፎልደር፣ አንዳንዴም የሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎ ይገኛል። አክቲቬተሩ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚላችሁ ለዚህ ነው፤ ወይም ራሱ በዝምታ ይጽፈዋል። ሲ ድራይቭ እዚያ ከገባ ቀኑን ሙሉ ብትፈትሹ «ምንም አልተገኘም» ነው የሚላችሁ። እያንዳንዱን መስመር ተጫኑና ሪሙቭ በሉት። ከዚያ እዚያው ገጽ ላይ ሪል-ታይም ፕሮቴክሽን እና ታምፐር ፕሮቴክሽን ኦን መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሌላም ማብሪያ አለች። አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል ውስጥ፣ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን ሴቲንግስ ስር፣ ፖቴንሺያሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ የሚል አለ። ይህ ካልበራ ዲፌንደር ቱልባርን፣ የፍለጋ ገጽ ጠላፊንና ማስታወቂያ አዝናቢን እንዳላየ ሊያልፍ ይችላል።

ዲፌንደር ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። ለዚህ የምመርጠው ማልዌርባይትስን ነው። ስትጭኑት የ14 ቀን ሙከራ ሊያስጀምራችሁ ይችላል፤ ሲያልቅ ስትጠሩት ብቻ የሚፈትሽና ያገኘውንም በነፃ የሚያስወግድ ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ሙከራው ሲያልቅ «ጥበቃችሁ ተቋረጠ» ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ካርድም አታስገቡ፣ ጠባቂው ዲፌንደር ነው። የዚሁ ድርጅት አድውክሊነር ደግሞ በትንሽ ዳታ የሚወርድ፣ የማይጫንና ከፍላሽ የሚሠራ ነው፤ ማልዌርባይትስ በ2016 ከመጀመሪያ ሠሪው የወሰደው ሲሆን ለብሮውዘር ጣጣ ከሁሉ ፈጣኑ ነው። ኢንተርኔት የሌለበት ቤት ያለ ማሽን ለማጽዳት ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ላይ የማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነርን አውርዳችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል፣ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላም ጊዜው ያልፍበታል፤ አስቀምጦ ለከርሞ መጠቀም አይቻልም። ኤምሲሶፍት ኢመርጀንሲ ኪትም ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሣ፣ ለግል አገልግሎት ነፃ የሆነ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዳታ ግን ይበላል። ስፓይቦት ሰርች ኤንድ ዲስትሮይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለውለታ ነበር፤ ዛሬ ግን በቀደመው ዝናው ብቻ አንደኛ ምርጫ አላደርገውም። «ሬጅስትሪ እናጸዳለን፣ ፍጥነት እንጨምራለን» የሚሉትን ስፓይዌር ያወጣሉ ብላችሁ አትጫኑ፤ ሥራቸው አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰነድና ፎቶዎቻችሁን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎችን ግን አትገልብጡ። ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ አድርጉና በሥራ መሀል እንዳይተኛ ስሊፕን አጥፉ፤ መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ጀምሩ። ሴቲንግስ ውስጥ አፕስን ከፍታችሁ ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድሩት። ችግሩ በጀመረበት ሳምንት ውስጥ የገባ የማታውቁት ፕሮግራም ካለ አንሱት። ማንሻው «እውነት ልትለዩን ነው?» የሚል ጥያቄ እያመጣ ቁልፎቹን ያገላብጣል፤ ሳታነቡ አትጫኑ።

ከዚያ ዲፌንደርን አፕዴት አድርጋችሁ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈትሻል። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ውስጥ ራሱን የሚደብቅ ስፓይዌር ገና አልተነሣም፤ ያልተነሣ ነገር መደበቅ አይችልም። ውጤቱ በኋላ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ ይገኛል። ቀጥሎ ፉል ስካን አስነሡት፤ የቆየ ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ጀምሩት። በማግስቱ ማልዌርባይትስን፣ ቀጥሎ አድውክሊነርን። ባንድ ጊዜ አንድ ብቻ፣ በየመሀሉ ሪስታርት። ሪስታርቱን አትዝለሉት፤ በሥራ ላይ ያለ ፋይል የሚወገደው ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ነው።

ውጤቱን ስታነቡ ስሞቹን ለዩ። በፒ-ዩ-ፒ የሚጀምር ስም የማይፈለግ ፕሮግራም ነው፤ ይጸዳል፣ ያስቸግራል፣ እንቅልፍ ግን አይነሣም። ትሮጃን (ሌላ ነገር መስሎ የሚገባ)፣ ስፓይዌር፣ ስቲለር (ፓስወርድ ሰራቂ) ወይም ባክዶር (ለሌላ ሰው የኋላ በር የሚከፍት) የሚል ካያችሁ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ፓስወርዶቻችሁ ወጥተዋል ብላችሁ ቁጠሩ። ሃክቱል የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አክቲቬተሩ ራሱ ነው። ሰው «እሱ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው» ይላል፤ አብሮት የገባውን ግን ማንም አላየም። የተገኘውን ሁሉ ወደ ኳራንቲን (ፋይሉ ሳይጠፋ ታግዶ ወደሚቀመጥበት) ላኩት እንጂ ወዲያው ለዘላለም አታጥፉት። ከሳምንት በኋላ ፕሪንተሩም የሒሳብ ፕሮግራሙም በደንብ ከሠራ ያኔ አጥፉት።

ካጸዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት እምቢ ሊል ይችላል። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ምክንያቱ ስፓይዌሩ ትራፊካችሁን በራሱ በኩል ለማሳለፍ ፕሮክሲ ተክሎ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲወጣ አቅጣጫው ባዶ ቦታ ላይ ቀረ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ ውስጥ ገብታችሁ ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር የሚለውን አጥፉ። የቤት ኮምፒውተር በተለምዶ አያስፈልገውም።

ብሮውዘሩን በእጃችሁ ማየት አይቀርም። ኤክስቴንሽኖቹን ክፈቱና የማታውቁትን ሁሉ አንሱ። ቤታችሁ ያለ ክሮም «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» ካለ፣ ማሽኑም የመሥሪያ ቤት ካልሆነና አንቲቫይረስ ወይም ሌላ ያወቃችሁት ፕሮግራም ካላስገባው፣ አንድ ነገር ፖሊሲ ጽፎ ኤክስቴንሽኑ እንዳይነሣ ቆልፎታል ማለት ነው፤ አድውክሊነር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ያነሣችሁት ኤክስቴንሽን በማግስቱ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሲንክ (በአንድ አካውንት ያሉ ብሮውዘሮችን የሚያመሳስለው) ነው፤ በአንዱ ኮምፒውተር ስታጠፉት ከሌላው ይመጣል። ሲንክን አቁማችሁ ሁሉንም አጽዱና ከዚያ አብሩት። በስተቀኝ ታች ጥግ እየወጣ «ኮምፒውተርዎ በአምስት ቫይረስ ተይዟል» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረስም አይደለም። አንድ ቀን አንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይጫኑ» ሲል ተጫናችሁ፤ ማስታወቂያ የመላክ ፈቃድ ሰጣችሁት። ሳይት ሴቲንግስ ውስጥ ኖቲፊኬሽንስን ክፈቱና ከተፈቀዱት ዝርዝር አውጡት። ስክሪን ሞልቶ ስልክ ቁጥር የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ አትደውሉ፤ ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያው ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም።

ሁሉን አድርጋችሁ ከተመለሰ ኦቶራንስን ተጠቀሙ፤ ከማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ በነፃ ይገኛል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣውን ሁሉ ያሳያል። የማይክሮሶፍቶቹን ደብቁ የሚለውን ምረጡ፤ ቀሪው ዝርዝር አጭር ይሆናል። ቢጫ መስመር ፋይሉ የጠፋ ነው፣ ሮዝ መስመር ፊርማው ያልተረጋገጠ ነው። ሮዝ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ፋይሉ የተቀመጠው አፕዳታ ውስጥ ከሆነና ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር ከሆነ ግን ምልክቱን አንሱበት። ዲሊት አታድርጉ፤ ከተሳሳታችሁ ምልክቱን መመለስ ይቻላል። ስኬጁልድ ታስክስ የሚለውን ክፍል በተለይ እዩ፤ በየሰዓቱ ራሱን መልሶ የሚያወርደው ነገር የሚደበቀው እዚያ ነው።

ፍላሹን ረስታችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ ብታጸዱ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ከኮፒ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት የመጣ ፍላሽ ስትከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ካላቸው፣ ወይም የፍላሹ ስም ያለው አንድ ሾርትከት ብቻ ካለ፣ አትጫኑት። ፋይሎቻችሁ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል፣ ሾርትከቱ መጀመሪያ ቫይረሱን፣ ቀጥሎ ፎልደሩን ይከፍታል፤ ለዚህ ነው ሰው ሳያውቅ የሚኖረው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሱ። ደብዘዝ ያለ፣ አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ይመጣል፤ እውነተኛው ዕቃ እዚያ ውስጥ ነው። ሰነዶቻችሁን ብቻ አውጥታችሁ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት።

ስቲለር የሚባለው ዓይነት ከተገኘ ማጽዳቱ የሥራው ግማሽ ነው። ይህ ዓይነቱ በብሮውዘር የተቀመጠ ፓስወርድንና ወደ አካውንታችሁ የገባችሁበትን ኩኪ ሰብስቦ ይልካል፤ አንዳንዱ ከዚያ ራሱን አጥፍቶ ስለሚወጣ ማጽጃው ምንም ላያገኝ ይችላል። የቴሌግራም ዴስክቶፕንም ቲዳታ የሚባል ፎልደር ይወስዳል፤ ያንን የያዘ ሰው በስልካችሁ የሚመጣ ኮድ ሳያስፈልገው አካውንታችሁን ይከፍታል። ስለዚህ ከንጹሕ ስልክ ላይ ሆናችሁ ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ ግቡና ሌሎቹን ሴሽኖች ሁሉ ዝጉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድ ከሌላችሁ አሁን አስገቡ። ከዚያ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ከማታውቁት መሣሪያ ሁሉ ውጡ፣ ቀጥሎ ባንክ። ኢሜይሉ ይቅደም፤ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ በኩል ነው። የተያዘው ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ፓስወርድ መቀየር አዲሱንም አሳልፎ መስጠት ነው።

ጋዜጠኛ ወይም የፖለቲካ ተሟጋች ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ አይበቃም። ሲቲዝን ላብ የሚባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም በ2013 ፊንስፓይ፣ በ2014 የሃኪንግ ቲም፣ በ2017 ደግሞ የሳይበርቢት ሰላይ ፕሮግራሞች በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ መነጣጠራቸውን አሳይቷል። የሳይበርቢቱ በኢሜይል በተላከ ሊንክ፣ ቪዲዮ ለማየት የአዶቢ ፍላሽ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) አፕዴት ያስፈልጋል እያለ ነበር የሚገባው። እንዲህ ላለ ነገር ነፃ ማጽጃ «ንጹሕ ነው» ቢል ማረጋገጫ አይሆንም። ኮምፒውተሩን ሳትነካኩት ዝጉትና አክሰስ ናው የሚባለውን የዲጂታል መብቶች ድርጅት የዲጂታል ደኅንነት የእርዳታ መስመር አነጋግሩ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው።

ለሌላው ሰው፣ ዲፌንደር አልበራ ካለ፣ ባክዶር ከተገኘ ወይም ሦስት ጊዜ ጸድቶ ከተመለሰ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ሪሴት ዚስ ፒሲ ውስጥ ሁሉን አጥፋ የሚለውንና ክላውድ ዳውንሎድን ምረጡ፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊወስድ ስለሚችል ጥቅላችሁን አስቡ። ካልሆነ በሌላ ንጹሕ ማሽን ላይ ከማይክሮሶፍት ገጽ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርዳችሁ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ አዘጋጁ። ጥገና ቤት የምትወስዱትም ከሆነ ይህን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና በዚህ ጫኑልኝ በሉ፤ ብዙ ቤት የሚጫነው አክቲቬተር ተቀብሮበት የተዘጋጀ ቅጂ ነው። ዊንዶውሱ ከተነሣ በኋላ አማርኛ ለመጻፍ ብላችሁ ደግሞ ካልታወቀ ገጽ ፕሮግራም አታውርዱ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ ላንጉዌጅ ውስጥ ገብታችሁ መጨመር ብቻ ነው። የፊደሎቹ አቀማመጥ ካልተመቻችሁ ኪይማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል።